«ዊንቸስተር ጠመንጃ አይደለም እንዴ?» የኮምፒውተር ቅጽል ስሞች ከየት መጡ?

የሄርማታ ጠጋኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ዘንድሮ 17 ዓመት ሞላኝ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ብልሽት ልጠይቅ አይደለም፣ ስለ ስም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን የአሮጌ ዕቃ መደርደሪያውን ማጽዳት ጀመርን። አብሮኝ የሚሠራ፣ ሙያውን የሚለማመድ የ18 ዓመት ልጅ አለ። እሱ ከካርቶኑ ሥር የእኔን የተማሪነት ደብተር አገኘ። መምህሬ ሰሌዳ ላይ የጻፉልንን እንዳለ የገለበጥኩበት ደብተር ነው። ቁጭ ብሎ ሲያነብ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ‹ዊንቸስተሩን ከመፍታትህ በፊት ኃይል አቋርጥ› ይላል። ዊንቸስተር ጠመንጃ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ሐርድ ዲስክ፣ የኮምፒውተሩ መረጃ ማስቀመጫ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። መምህራችን ከዚያ ሌላ ስም ጠርተውለት አያውቁም። ለምን እንደዚያ እንደተባለ ግን እኔም አልጠየቅኳቸው። «በቃ ስሙ ነው» ብዬ አለፍኩት። ልጁ ዝም አለ፤ እኔ ግን ማታ እራት ቀርቦልኝ እንኳ ሲከነክነኝ አመሸ። 17 ዓመት ሙሉ በአፌ የማመላልሳቸውን ቃላት ስቆጥር የአብዛኞቹን አመጣጥ አላውቅም።

በሱቃችን እኛም ያወጣናቸው ስሞች አሉ። ፋኑ በአቧራ ታፍኖ እያጓራ የመጣ ላፕቶፕ «አስም ይዞታል»። ግሎ ራሱን የሚያጠፋው «አተኩሶታል»። ሀንግ ያደረገ «ራሱን ስቷል»። ከሁሉ የምወደው «ፌንጣ» የሚለውን ነው። ፌንጣ የምንለው ኃይል ሲሰጠው መዞር ይጀምርና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ሐርድ ዲስክ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ጀርባው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጠዋለሁ። ውስጡ ያለችው ማንበቢያ ክንድ መረጃው ባለበት በሚዞረው ሳህን ላይ የተጻፈውን የቦታ ምልክት ፈልጋ ስታጣ ወደ ማረፊያዋ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሞክራለች፣ እንደገና ትመለሳለች። ያ ድምፅ የእሷ መመላለስ ነው። ለልጁ ይህን ሁሉ ከማስረዳቴ በፊት «ፌንጣ» ስለው ድምፁን ለየ፤ ከዚያ ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዊንቸስተርን ጨምሮ የእነዚህን ስሞች ታሪክ በእርግጠኝነት የምታውቁ ንገሩኝ፤ ለልጁ መልስ አለብኝ። ሁለተኛ፣ እናንተ በየሥራ ቦታችሁ ምን ትላላችሁ?

---

የፓንች ካርድ ሰው

ወንድሜ፣ ልጁ ልክ ነው። ጠመንጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም 3340 የተባለ የዲስክ መሣሪያ አወጣ። ሲነደፍ ሁለት ክፍል እንዲኖረው፣ እያንዳንዱም 30 ሜጋባይት እንዲይዝ ታስቦ ስለነበር መሐንዲሶቹ «30-30» ይሉት ጀመር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 30-30 ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የዊንቸስተር ጠመንጃን ጥይት ነው። የሥራው መሪ ኬኔት ሆውተን ከዚያ ተነሥቶ ዊንቸስተር አለው። ለገበያ ሲቀርብ መጠኑ ተቀይሮ 35 እና 70 ሜጋባይት ሆኗል፤ ስሙን ግን ማንም አልነካውም።

ስሙ ለምን ለሁሉም ሐርድ ዲስክ ተረፈ ካልክ፣ ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ከዚያ በፊት የዲስኩ ጥቅል እንደ ድስት ተነሥቶ ይወጣ ነበር፤ ማንበቢያዎቹ መሣሪያው ውስጥ ይቀራሉ። በ3340 ግን ሳህኖቹና ማንበቢያዎቹ አብረው ታሸጉ። ሲዞር ማንበቢያው በቀጭን አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲቆም ሳህኑ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ የታሸገው ሁሉ ዊንቸስተር ተባለ። አንተ የምትፈታው የዚያ ልጅ ልጅ ነው።

አንድ ልጠይቅህ፦ መምህርህ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ነበሩ? አሜሪካኖቹ ስሙን ቶሎ ተዉት፤ ራሽያዎቹ ግን እስከ ዛሬ ዊንቸስተር ይላሉ፤ ሲያሳጥሩት «ቪንት» ነው፣ በቋንቋቸው ብሎን ማለት ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደዚያ ከሄዱት ልጆቻችን ብዙዎቹ ይዘውት ነው የመጡት።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። «ውጅግራ» የምንለው መሣሪያ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት አይደለም? አባቶቻችን በአፋቸው ልክ አስተካክለው የራሳቸው አደረጉት፤ ዛሬ ውጅግራ ፈረንሳይኛ ነው ብትለው የሚያምንህ ስንቱ ነው?

እኔ ጡረታ እስክወጣ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የማሽን ክፍል ሠርቻለሁ። በመጀመሪያ የነበረው ፓንች ካርድ ነው፣ ፕሮግራሙ በቀዳዳ የሚጻፍበት ወፍራም ወረቀት፤ አንዱ ካርድ 80 ዓምድ። አንድ ፕሮግራም ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ ካርድ ይሆናል። ከእጅህ ካመለጠ ቅደም ተከተሉ ጠፋ ማለት ነው፤ መሬት ላይ ተንበርክከህ ስትለቅም ትውላለህ። እኛ ምን እናደርግ ነበር መሰለህ፦ ካርዱን አሰልፈን በላይኛው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር በማርከር ሰያፍ መስመር እናሰምርበታለን። ቢበተን መስመሩ እንዲገጥም አድርገህ መደርደር ነው። ያንን መስመር «ጥለት» እንለው ነበር። ስሙን ያወጣችው አብራን የምትሠራ ጎበዝ ሴት ናት፤ «ጥለቱ የተዛባ ነጠላ ማን ይለብሳል?» እያለች ካርዳችንን ትመረምር ነበር።

«ፓች» የሚባለውም ያኔ በዓይን የሚታይ ነገር ነበር። በካርዱ ወይም በወረቀት ጥቅሉ ላይ በስሕተት የተበሳው ቀዳዳ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፋል። እራፊ ነው። ዛሬ ስልካችሁ በሌሊት የሚያወርደው የሶፍትዌር ማስተካከያ ያንኑ ስም ይዟል።

ስለ ኩባንያዎቹም አንድ ልጨምር። አይቢኤምን «ትልቁ ሰማያዊ» ይሉት ነበር። በ1960ዎቹ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የእሱና የተፎካካሪዎቹ ነገር ከፈረንጆቹ ተረት ተወስዶ «ስኖው ኋይትና ሰባቱ ድንኮች» ተባለ። ሰባቱ በሮውስ፣ ዩኒቫክ፣ ኤንሲአር፣ ኮንትሮል ዳታ፣ ሀኒዌል፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና አርሲኤ ናቸው። በ1970 ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ በ1971 አርሲኤ ከኮምፒውተር ሥራ ወጡ። የቀሩት አምስቱ የስማቸው የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደል ሲገጣጠም «በንች» የሚል ቃል ሰጠ፤ ዘለላ እንደማለት ነው። እኛ ማሽን ክፍል እነዚህን ስሞች የምንሰማው ከውጭ ከሚመጡት መሐንዲሶች አፍ ነበር።

---

የሄርማታ ጠጋኝ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። አዎ፣ መምህራችን ሶቪየት ኅብረት ነው የተማሩት! ኪየቭ። በሕይወት የሉም እንጂ ሄጄ እነግራቸው ነበር። «ጥለት» ያሉትን ለልጁ አሁኑኑ አነበብኩለት፤ ሥራውን አቁሞ ነው ያዳመጠኝ።

---

ቀጥታ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ፣ ስሕተቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ። ልጁ «ፌንጣ» ብሎ ተምሮ ሌላ ከተማ ሥራ ቢቀጠር ማን ይረዳዋል? ትክክለኛውን ቃል አስተምሩት።

---

ኪቶ ተማሪ

እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ለ«ቀጥታ» መልስ ልስጥና ወደ ታሪኩ ልግባ። «ፌንጣ» ያለው ሰው ትክክለኛውን ቃል አልሸሸም። እንግሊዝኛው ራሱ ይህን ድምፅ «የሞት ጠቅታ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ዚፕ ድራይቭ በሚባለው ማስቀመጫ ምክንያት የተስፋፋ ስም ነው። እነሱም ከሰሙት ድምፅ ነው ስም ያወጡት።

አሁን ስለ «በግ»። ስንማር «ኮዱ በግ አለበት»፣ ማለትም ስሕተት አለበት፣ ሲባል ከገጠር የመጣን ልጆች በግ ነበር የሚመስለን፤ አንዷ ጓደኛችን የመጀመሪያውን ሳምንት በዚያ ግራ ተጋብታ አሳልፋዋለች። እንግሊዝኛው ነፍሳት ማለት ነው። ሐርቫርድ ማርክ 2 በሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 አንዲት የእሳት እራት ሪሌ በሚባለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ መካከል ተጣብቃ ተገኘች። ኦፕሬተሮቹ አውጥተው በመዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጠፏት፣ አጠገቧም በእውነት የተገኘ የመጀመሪያው በግ ብለው ጻፉ። መዝገቡ ዛሬ ስሚዝሶኒያን በሚባለው የአሜሪካ ሙዚየም አለ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 4 ቀን 1939 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ አስቡት፣ የዓመት ማብቂያ ላይ።

ብዙ ሰው ግን ቃሉ ከዚያች የእሳት እራት ተወለደ ይላል፤ ልክ አይደለም። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ላይ በመሣሪያ ውስጥ ያለ ስውር ችግርን በዚሁ ቃል ጠርቶታል። ኦፕሬተሮቹ ያን ያህል የተደሰቱት ሲናገሩት የኖሩት ቃል በአካል ስለመጣላቸው ነው።

እኛ ዶርም ውስጥ «ነቀዝ» እንለዋለን። «ኮዱ ነቅዟል» ይባላል። ለእኔ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም በቆሎው ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ሲሆን ያየ ሰው ችግሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ኮምፓይል ያደርጋል፣ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ግን ውስጡ ተበልቷል።

ሌላ፣ «ዴመን» አለ። ማንም ሳይጠራው ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ማተሚያውን የሚጠብቅ፣ ሰዓቱን የሚያስተካክል። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው ስሙ የወጣለት፤ ማክስዌል የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ በሐሳቡ የፈጠረውን፣ ሞለኪውሎችን ሲለይ የሚውል የማይታይ ፍጡር አስበው። ክፍል ውስጥ «ጋኔን» ተብሎ ሲተረጎም ልጆች ደስ አላላቸውም፤ አንዱ መምህራችን «የጓዳ ሰው» አሉት። ሳሎን ላይ ቡናው ሲቀርብ ጓዳ ውስጥ የሚሠራውን ማንም አያይም፣ እሱ ከሌለ ግን ምንም አይቀርብም። ከዚያ ቀን በኋላ እኛ ክፍል ውስጥ ሌላ ስም የለውም።

የጅማ ሰው ደግሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አለ፤ ብሉቱዝ። ሰማያዊ ጥርስ ማለት ነው፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የዴንማርክ ንጉሥ፣ የሐራልድ ቅጽል ስም። የኢንቴል መሐንዲስ ጂም ካርዳክ እ.ኤ.አ. በ1997 ለጊዜው ይሁን ብሎ ያቀረበው ስም ነው፤ ንጉሡ ሕዝቡን አንድ እንዳደረገ ይህም መሣሪያዎችን ያገናኛል በማለት። ስልካችን ላይ ያለችው ምልክትም የንጉሡ ስም ሁለት መነሻ ፊደላት ናቸው፣ በጥንቱ የሩን ጽሕፈት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ። ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ነው። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው። አባ ጎሞልም፣ አባ ቦቃም፣ አባ ረቡም እንዲሁ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሰው ከተወለደበት ስም ይልቅ በፈረሱ ስም ሲጠራ የኖረበት አገር ነው። ለማሽን ቅጽል ስም ማውጣት ለእኛ ከየትም የተበደርነው ልማድ አይደለም።

---

የቀፎ ሐኪም

ጅማ አጂፕ ሞባይል እጠግናለሁ። እናንተ ስለ ኮምፒውተር ስታወሩ እኔ ስለ ስልክ ልናገር።

«ቀፎ» የሚለውን ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ አገር ሁሉ ነው የሚለው፤ ግን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እናቴ ቤት ከጓሮ ዋንዛው ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። ንቡ እስኪገባበት ድረስ ቀፎ ዝም ያለ ባዶ ነገር ነው። ስልኩም ሲም ካርድ እስኪገባበት ያው ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር።

«ስልክ» ራሱስ? ዓረብኛ ነው፣ ሽቦ ማለት ነው። ሽቦው ጠፋ፣ ስሙ ግን ቆየ። በኦሮምኛ ደግሞ «ቢልቢላ» ነው፣ ደወል። አንዱ ከሽቦው፣ አንዱ ከድምፁ ተነሣ። ሁለቱንም ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ እሰማለሁ። ከሰቃ በኩል የመጡ አንድ አባት ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው አምጥተው ከማስቀመጣቸው በፊት አንድ ቃል ብቻ አሉኝ፦ «ዱኤ»። ሞተ። የባትሪው መገናኛ ዝጎ ነበር፤ ጠርጌ ሳበራው ስልኩን ግንባራቸው ላይ አድርገው መረቁኝ።

የእኔ ሱቅ ስሞች እነዚህ ናቸው። ሳይነኩት በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ስክሪን «ይቃዣል»፤ ፈረንጆቹ የመንፈስ ንክኪ ይሉታል አሉ። ሶፍትዌር ሲጫንበት መሐል ላይ መብራት ሄዶ የቀረ ስልክ «ድንጋይ ሆነ»፤ እነሱም «ጡብ ሆነ» ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ሳንነጋገር ተግባብተናል። ውኃ ውስጥ የወደቀው «ጠጥቷል»። እዚህ ላይ ከስሙ ውጪ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የጠጣ ስልክ ሩዝ ውስጥ አትቅበሩ። ሩዙ ዝገቱን አያስቆምም። አጥፉት፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ቻርጅ ላይ አታድርጉት፣ በዚያው ቀን አምጡት፤ ቦርዱ በአልኮል ይታጠባል። ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ ከርሞ የሚመጣልኝ ስልክ አረንጓዴ ሆኖ ነው።

---

የአጋሮ ልጅ

አጋሮ ተወልጄ አሁን አዲስ አበባ ፕሮግራመር ነኝ። የቡናውን ነገር ማንም ሳያነሣው ስለቀረ እኔ ላንሣው፤ የእኛ ነውና።

ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጀመሪያ «ኦክ» ነበር ስሙ፣ ቋንቋውን የፈጠረው ጄምስ ጎስሊን ከቢሮው ውጪ ያይ ከነበረው ዛፍ። ስሙ በሌላ ኩባንያ ተይዞ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ1995 ሰን ኩባንያ ጃቫ ብሎ አወጣው። አሜሪካኖች ቡናን ጃቫ ይሉታል፣ ደች ሰዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቡና ተክለው ለዓለም ገበያ ካቀረቡባት ከኢንዶኔዥያዋ ደሴት የተነሣ። ወደ ደሴቲቱ የሄደው ቡና የየመን ነው፤ የመን የደረሰው ደግሞ ከእኛ። ከአጋሮ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ አለች፤ ቡና መጀመሪያ የታወቀባት ናት እየተባለ ሲነገር ነው ያደግነው። የቋንቋው ምልክት የምታጤስ ስኒ ናት። ክፍሎቹም «ቢንስ» ይባላሉ፣ የቡና ፍሬ።

ከዚህ ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና ያልረሳሁት አንድ ነገር አለ። የኮምፒውተርን ፋይል በጥሬው ስናነብ ቁጥሩ በአሥራ ስድስት ምልክት ይጻፋል፤ ከ0 እስከ 9፣ ከዚያ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ስድስት ፊደላት። በእነዚያ ስድስት ፊደላት ብቻ የሚጻፍ ቃል ማግኘት ከባድ ነው። ጎስሊን አገኘ፦ «ካፌ ቤብ» (CAFEBABE)። ማንኛውም የተዘጋጀ የጃቫ ፋይል፣ የባንክ ይሁን የጨዋታ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ባይት ይህን ቃል ይጽፋሉ። የመጀመሪያ ፕሮግራሜን ከፍቼ በጥሬው ሳየው ከዚያ ሁሉ ትርጉም የሌለው ቁጥር ፊት «ካፌ» የሚል ቃል ተቀምጦ አየሁ። አባቴ ለቀማ ላይ ነበር ያን ሰሞን። ደውዬ ነገርኩት፤ ቡና ኮምፒውተር ውስጥ አለ አልኩት።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1998 ላሪ ማሲንተር የሚባል ሰው የቡና ማፍያን በኢንተርኔት ለማዘዝ የሚሆን ሕግ ጻፈ። የዚያ ቀን፣ የኤፕሪል ዘ ፉል፣ ቀልድ ሆኖ የተጻፈ ቢሆንም ቁጥር ተሰጥቶት ከእውነተኞቹ ሰነዶች ጋር ተቀምጧል፣ 2324 ነው ቁጥሩ። በውስጡ 418 የሚባል የስሕተት መልስ አለ፦ የሻይ ማንቆርቆሪያን ቡና አፍላ ብለህ ብታዘው «እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ለእናቴ ስነግራት ልክ ነው አለች፤ በማንቆርቆሪያ የፈላ ቡና አትጠጣም።

ለተማሪዎች ደግሞ፦ «ባይት» የሚለው ቃል እንግሊዝኛው «ጉርሻ» ነው። ቨርነር ቡክሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲያወጣው «ቢት» ከሚለው (ከአንዲት 0 ወይም 1) ጋር በጽሑፍ እንዳይምታታ ብሎ አንድ ፊደል ቀየረ እንጂ ነገሩ አፍ ሙሉ ማለት ነው። ግማሹ፣ አራት ቢት፣ «ኒብል» ይባላል፣ ቅምሻ። እህቴን ሳስተምራት «ስምንት ቢት አንድ ጉርሻ፣ አራት ቢት አንድ ቅምሻ» ብያት ነው የጀመርኩት።

አንድ ጥያቄ ለሄርማታው ወንድማችን። የቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ሁለት ዲስክ በአንድ ኬብል ሲያያዝ አንዱ «ማስተር» ሌላው «ስሌቭ» ይባል ነበር። አንተ ለልጁ ይህን እንዴት ብለህ ታስተምረዋለህ?

---

የሄርማታ ጠጋኝ

የአጋሮ ልጅ፣ ጥያቄህ የቆየ ነገር ነው የነካብኝ።

እኔ ስማር «ጌታና ባሪያ» ተብሎ ነው የተጻፈልኝ፤ ደብተሬ ላይ አለ። በባለ 40 ሽቦው ጠፍጣፋ ኬብል ላይ ሁለት ዲስክ ስታያይዝ ከጀርባቸው ያለችውን ጃምፐር የምትባል ትንሽ ማገናኛ ማን የትኛው እንደሆነ እንድታሳይ አድርገህ ታስቀምጣለህ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ኮምፒውተሩ አያያቸውም። ሳታ የሚባለው የዲስክ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2003 መጥቶ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ገመድ ሲሰጥ ቀረ፤ ግን አሮጌ ዕቃ አሁንም ይመጣል፣ ስሙም ከላዩ ላይ ታትሟል።

ሱቄ ያለው ሄርማታ ነው። ዛሬ ልብስ፣ ቅመም፣ ጫማ የሚሸጥበት ገበያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከደቡብ ምዕራብ ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ሆኖ፣ ከሚሸጠው ነገር መካከል ሰው ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም፣ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ደርሼባቸዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሌላ ልጅ አሠለጥን ነበር። በደንበኞች ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ያኛው ባሪያው ነው፣ አውጣው» አልኩ። ልጁ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። ምንም አላለም። ያ ቃል ለእሱ ቤተሰብ ሲወረወርበት የኖረ ቃል መሆኑን ከሌላ ሰው የሰማሁት በኋላ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ሱቅ «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» ነው የሚባለው። ሥራው አልተጓደለም፤ ጃምፐሩ ቃሉን አይሰማም፣ ሰው ነው የሚሰማው።

---

የአጋሮ ልጅ

እኛም ጋ ይኸው ነገር መጥቷል። ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሀብ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ አዲስ ለሚከፈተው ሁሉ ዋናውን ቅርንጫፍ «ማስተር» ማለቱን ትቶ «ሜን» አድርጎታል፣ ዋና። ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እጃችን ለመደው። ያንተን ልጅ ታሪክ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው።

---

ቀጥታ

ወንድሜ፣ ይህንን ሳነብ ሐሳቤን በከፊል አንስቻለሁ። እንግሊዝኛውንም አብሮ ይማር እንጂ ግን።

---

የሄርማታ ጠጋኝ

ቀጥታ፣ አብሮ ይማራል። ደብተሩ ላይ በግራ የእንግሊዝኛው፣ በቀኝ የእኛው እንዲጻፍ አድርጌአለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁ፤ የቀፎ ሐኪም እህቴ «ዱኤ» ስትል ያስታወሰችኝ ነው። አምና አንዲት እናት ላፕቶፕ ይዘው መጡ። የልጃቸው ነው። ልጁ ከስድስት ወር በፊት አርፏል፤ ፎቶዎቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። አሁን አብሮኝ ያለው ልጅ ገና መጀመሩ ነበር። ዲስኩን አውጥቶ ሰካው፣ አዳመጠው፣ ከእኔ እንደሰማው አድርጎ ጮክ ብሎ «ጋሼ፣ ይኼ ሞቷል» አለ። እናትየዋ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔም ልጁም የምንገባበት ጠፋን። በበጋ ጊዜ ነው፣ ውጪ ፀሐይ ነው፣ ሱቁ ውስጥ ግን የሚሰማው የዲስኩ ጠቅታ ብቻ ነበር። ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ዲስኩ እኮ አልሞተም ነበር። ሳህኑ ደህና ነው፣ የማንበቢያው ክንድ ነው የተበላሸው። አዲስ አበባ ክንዱን የሚቀይር ባለሙያ ጋ ላክነው፤ ከፎቶዎቹ አብዛኛው ወጣ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ሱቅ ስለ ዲስክ «ሞተ» አይባልም። «ዝም ብሏል» ነው የምንለው። ለሙያውም የሚቀርበው እሱ ነው፤ ዝም ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ይናገራል።

ልጁ የጋሼን መልስ በእጁ ጽፎ ከደብተሬ ገጽ ጋር በፕላስተር አያይዞታል፣ ኪቶ ተማሪ ስለ እሳት እራቷ እንዳለው። ከዊንቸስተር አጠገብ «30-30» ብሎ ጽፎ ጠመንጃ ሥሎበታል። አሁን ደግሞ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፦ ማውስ ለምን አይጥ ተባለ ይላል። ጅራት የሚመስል ገመድ ስላለው ነው አልኩት፤ የመጀመሪያው ዳግላስ ኢንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንጨት ያሠራው እንደሆነ አንብቤለታለሁ። እንጨት መሆኑን ሲሰማ ለመሥራት ተነሣ። የበርጩማ ጠራቢ ጎረቤት አለን፣ ከእሱ ቁራጭ ለምኖ መጥቷል፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ በሞረድ እየሞረደው ነው።

ኪቶ ተማሪ፣ ቅርብ ነህና ቅዳሜ ብቅ በል። የምትሉትን ስሞች በሙሉ በፍላሽ ይዘህልኝ ና፣ ሱቁ ከጠዋቱ 2:30 ይከፈታል። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ካርድ አስቀምጠው ከሆነ አንዲት ፎቶ አንሥተው እዚህ ቢለጥፉልን፤ ልጁ ጥለቱን ማየት ይፈልጋል።

---

የፓንች ካርድ ሰው

አንድ እስር አለኝ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ። ክሩን አልፈታሁትም። ነገ በቀን ብርሃን አነሣዋለሁ፤ ማርከሩ ደብዝዟል፣ መስመሩ ግን ይታያል።